እናቴን እንግሊዝ አገር ስጠብቃት

ባለፈው ወር ለአንዲት የሰፈራችን ሴት መርዶ ለመንገር ጎህ ሳይቀድ አትላንታ ዳር፣ ስቶን ማውንቴን ተሰባስበን ነበር። የአትላንታ ሐበሻ መርዶ ሲነግር የራሱ ዘዴ አለው። መኪናውን ሐዘንተኛው በር ላይ አያቆምም፤ የማያውቀው መኪና በሩ ላይ ተኮልኩሎ ያየ ሰው ሳይነገረው ያውቃልና። መጀመሪያ አንዱ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ እንገናኛለን። ጥቁሩን ከካፖርታችን ሥር እንለብሳለን። ከዚያ በሁለትና በሦስት መኪና ተጣበን እንሄድና ሽማግሌው ቀድሞ ያንኳኳል። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ከሁለት ወፍራም ሴቶች መሐል ተሰንቅሬ ሳለሁ ከነጠላቸው የወጣው የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሌላ ሰው ናፍታሊን ሲሸተው ሻንጣና ቁም ሣጥን ይታወሰው ይሆናል። እኔ ላይ ግን በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ እንግሊዝ አገር ደርሼ የተመለስኩበት ጸደይ ይመጣብኛል።

ያን ጊዜ እኔና አባቴ እዚያው ስቶን ማውንቴን፣ ምንጣፉ የውሻ ሽንት የሚሸት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበርን። ውሻ አልነበረንም፤ ሽታውን ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው ትተውልን የሄዱት። አባቴ መሐል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥብ ነበር። እማዬ አብራን አልነበረችም። እኔና አባቴ በመተማ አድርገን ወደ ሱዳን ስንሻገር አያቴ በጠና ታማ ስለነበር፣ "የወለደችኝን ጥዬ አልሄድም፤ እደርስባችኋለሁ" ብላ ቀረች። እንዳለችውም አያቴ ካረፈች በኋላ ብቻዋን ድንበር ተሻግራ ካርቱም ገባች። እኛ ግን ያን ጊዜ አሜሪካ ነን። ወደ አሜሪካ የመምጫ ፕሮሰሷ ተጀምሮላት "ሰመር ላይ ትመጣለች" ተባለ። አባቴ በዚያች ወሬ ነበር የሚኖረው። ሶፋ የሌለው ሰው ለሷ ብሎ ባለመስታወት ኮመዲኖ ገዛ፤ መስታወቱን እሁድ እሁድ ይወለውለዋል።

እኔ የእማዬን ፊት ረስቼው ነበር፤ ፎቶዋም አልነበረንም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ነውር ይመስለኝ ነበር። የማውቀው ድምፅዋን ነው፤ በመንገደኛ እጅ ከካርቱም በምትልክልን ካሴት። ከድምፅዋ ኋላ የሆነ ነገር "ቋ፣ ቋ፣ ቋ" ይላል። አባቴ የጣሪያ ቬንትሌተር ነው ቢለኝም አላመንኩትም፤ ስትናገር ከደረቷ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ስትመጣ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ እሰማዋለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ኒውካስል በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት ነበረው። ጸደይ ላይ ከኛ ጥቂት ልጆች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ በበልጋቸው፣ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል፣ የነሱ ልጆች ወደኛ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ልጅም በአቻው ቤት ያድራል። አስተማሪያችን ሚስ ሃሪስ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። የሺእመቤት የሚለውን ስሜን ቆራርጣም ቢሆን ሙሉውን የምትጠራ እሷ ብቻ ናት። ከተመረጡት ልጆች ውስጥ እኔን አስገባችኝ።

ለጉዞው ገንዘብ ለመሰብሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ግቢ መኪና እናጥብ ነበር። አትላንታን በጸደይ የኖረባት ያውቃታል፤ ጥዱ ብናኙን ሲለቅ አገሩ ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያጠብነው መኪና ሳይደርቅ መልሶ ቢጫ ይለብሳል። እኔማ የምር እርድ መስሎኝ ከአንዱ መኪና ላይ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ምላሴ ላይ እንደ ዱቄት ተጣበቀ እንጂ ጣዕም የለውም። "አሜሪካ እርዱም ውኃ ውኃ ይላል" ብዬ ለአባቴ ስነግረው ሳቀብኝ።

ሚስ ሃሪስ መንገዳችንን ልታሳየን የዓለም ካርታ ሰቀለች። ሁሉም ልጅ እንግሊዝን አይቶ ተቀመጠ፤ እኔ ግን ቆሜ ለካሁ። ከአትላንታ እስከ እንግሊዝ አንድ ስንዝር ነው። ከእንግሊዝ እስከ ካርቱም ጣቶቼን ገጥሜ ሳስቀምጣቸው አራት ጣት እንኳ አይሞላም። ስንዝሩን እኔ ከሄድኩላት አራቱን ጣት እሷ ትመጣለች። ድንበር በእግሯ የተሻገረች ሴት አራት ጣት ያቅታታል? በልቤ ነገሩን ጨርሼ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ግን አልሄድም የምትል በቅሎ ሆነ። ያሳመኑት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ጋሽ ታፈሰ ፓይን ሌክ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ትንሽ ቤት ገዝተው ከባለቤታቸው ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር ይኖሩ ነበር። ኑሯቸው ታክሲ መንዳት ነው፤ እርቅም፣ ሽምግልናም፣ መርዶም ግን ያለሳቸው አይሆንም።

"ከመተማ እስከ ገዳሪፍ በጀርባዬ አዝዬ ያሻገርኳት ልጅ ናት፣ ጋሽ ታፈሰ" አላቸው አባቴ። "ድንበር መሻገር ይብቃት።"

"አንተ ሸሽተህ ነው የተሻገርከው" አሉት። "እሷ ደግሞ ተጋብዛ ትሻገር። ልጅ አገር ማየቱን ይልመድ። በል ሳይን አድርግላት!"

አባቴም የፈቃዱን ወረቀት ፈረመ። እኔ ወዲያው ካሴት ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። "እማዬ፣ የፋሲካ ማግሥት እንግሊዝ እገባለሁ። አንቺም ነይ። ቅርብ ነው፣ ለክቼዋለሁ" አልኳት። መልሷ ጾሙ ሳይገባደድ ደረሰ። ገና ስትጀምር ሳቀች። "እሺ የኔ እመቤት፣ እንግዲያው እንግሊዝ ላይ እንገናኝ። ቀድመሽ ከደረስሽ ጠብቂኝ። ብዘገይ መንገድ ይዞኝ ነውና እንዳትቀየሚኝ" አለች፤ ኋላዋ "ቋ፣ ቋ" ይላል። አባቴ ያንን ቦታ እየመለሰ እያሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለሱ እናትና ልጅ እየተጫወትን ነው። እኔ ግን ቀጠሮ ይዣለሁ።

የፋሲካ ሰሞን ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ከሁሉም የገረሙኝ እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ለሰው ልጅም አይመቹም ነበር። በጫማዬ ምንጣፋቸውን ከረገጥኩ ሐይቁ ማዶ የሚሰማ ጩኸት ይጮሁብኛል። ያን ሰሞን ግን ቀይ ካፖርት ገዙልኝ። ዶሮውን ከነእንቁላሉ ይዘውልን መጡና እንቁላሉን በእጃቸው አጎረሱኝ፤ አሁንም አሁንም ደገሙኝ። እኔ ጉቦ መሰለኝ። ከእንግሊዝ የሚያስመጡት ነገር ቢኖራቸው ነው አልኩ።

ልሄድ ስል እሳቸው ቤት ጸጉሬን ሹሩባ ሊሠሩኝ ከጉልበታቸው መሐል አስቀመጡኝ። ሲጎነጉኑ ያጠብቁታል፤ ዓይኔ ወደ ጆሮዬ እስኪሳብ።

"የሺዬ፣ እኔን ትወጂኛለሽ?" አሉ በድንገት።

"እወድዎታለሁ።"

"ከእንግዲህ አልቆጣሽም። ሰምተሻል? ከእንግዲህ አንድ ቀን አልቆጣሽም።"

ይኸው መጣ አልኩ በሆዴ። "እትዬ፣ ምን ላምጣልዎ? ሻርፕ ይሻልዎታል ወይስ ጫማ?"

ማበጠሪያውን ሶፋው ላይ ወርውረው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ሐይቁ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ግማሹ ጸጉሬ ተሠርቶ፣ ግማሹ ቆሞ፣ ብዙ ጠበቅኳቸው። ሻርፕ አንሷቸው ነው ብዬ አዘንኩ።

እውነቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። የዚያ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ካርቱም ያለ ወዳጃችን ደውሎ ነበር፤ ለአባቴ ሳይሆን ለጋሽ ታፈሰ። እማዬ ወባ ይዟት አርፋለች። ተቀብራለች። በኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞት ነው። ጋሽ ታፈሰ ጥቂት ሰዎች ጠርተው መከሩ። ለአባትየው ዛሬ ቢነገር ልጅቷ ትሰማለች። ከሰማች ከጉዞው ትቀራለች። ቀርታስ ምን ልታደርግ? አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ። እንግዲያው እሷ ደስ ብሏት ትሂድ፤ አባቷ በሄደች ማግሥት ይነገረው፤ ለሷ ስትመለስ ይነገራት። ሁሉም ተስማማ። ማንንም ሳያማ የማይውለው የአትላንታ ሐበሻ ለአንድ ሳምንት አፉን ዘጋ። ከምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ያልሰማን እኔና አባቴ ብቻ ነበርን።

ኤርፖርት የወሰዱን ጋሽ ታፈሰ በታክሲያቸው ናቸው። አባቴ ያለችውን አንድ ሱፍ ለብሶ ፊት ተቀምጧል። ያን ቀን እንደ ልጅ ነበር የሚያደርገው። ቀይ ካፖርቴን እየነካካ "ንግሥቲቱ ካገኘችሽ ከኛ በላይ ማን ለበሰ ብላ ታስርሻለች" ይለኛል። ከውስጥ ገብተን መንገደኛ የሚወጣበት በር ጋ ስንደርስ ቆመና በእግሩ መሬቱን መታ አደረገ።

"የሺ፣ ይቺን ቦታ እያት። ሰመር ላይ እናትሽን የምንቀበላት እዚህ ጋ ቆመን ነው። እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚህ። ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎ ደግሞ አበባውን ይዘው እዚያ።"

ጋሽ ታፈሰ ያሳያቸው ቦታ ላይ ሄደው ቆሙ።

"ዛሬ ምን ሆነዋል?" አላቸው አባቴ እየሳቀ። "እንዲህ ዝም ሲሉ አይቼዎት አላውቅም።"

"እንቅልፍ ነው ልጄ። ትናንት ሺፍቱ ረዘመብኝ።"

ያንን ሰው ምን ብዬ እንደምፈርድበት እስከ ዛሬ አላውቅም። በሆዱ መርዶ ይዞ፣ አበባ ያዝ ተብሎ በታዘዘበት ቦታ ላይ ቆመ። አባቴን ከልቡ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ኒውካስል ቤቶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩ፣ ቀይ ጡብ፣ ከጭስ ብዛት የጠቆሩ ናቸው። አየሩ የከሰል ጭስና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው። ዝናቡ አይዘንብም፣ አያባራም፤ ዝም ብሎ አየሩ ላይ ይቆያል። አቻዬ ትሬሲ የምትባል ጉንጯ ቀይ ልጅ ነበረች። አባቷ የመርከብ ፋብሪካው ስለተዘጋበት ቤት ነው የሚውለው፤ እናቷ የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ እጇ ካላበሰለ ሹራብ ይሠራል። ደግ ሰዎች ነበሩ። ድንቹን በሁሉም ዓይነት አሠራር አበሉኝ።

ገና በደረስኩበት ቀን ለትሬሲ ነገርኳት። "እናቴ እዚህ መጥታ ልታገኘኝ ነው። ከሱዳን ነው የምትመጣው።"

"መቼ?"

"አሁን በዚህ ሰሞን።"

ትሬሲ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየው ሹራቧን ጭኗ ላይ አድርጋ ካየችኝ በኋላ "እንዴት ደስ ይላል" አለች። አምናኝ ይሁን አዝናልኝ እንጃ። "የት ትተኛለች?" አለች ትሬሲ። "ከኔ ጋር" አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጋዬ ላይ ግድግዳውን ተጠግቼ ነበር የምተኛው፤ ቦታዋን ትቼላት።

ሌሎቹ ልጆች ድልድይ አዩ፣ ግንብ አዩ፣ መርከብ አዩ። እኔ ሰው ነው ያየሁት። ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቷን አያለሁ። ችግሬ ደግሞ የምፈልገውን ፊት አለማወቄ ነው። ስታየኝ እሷ ታውቀኛለች ብዬ ቀዩን ካፖርቴን ቤት ውስጥ እንኳ አላወልቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ከፎቅ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ መንገዱን አያለሁ፤ ትንፋሼ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ። ሚስ ሃሪስ አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ትከሻዬን ይዛ "ማንን ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ። "ማንንም" አልኳት። እሷ ካወቀች ቀጠሮው የሚበላሽ መሰለኝ።

ወላጆች የተጠሩበት የመዝሙር ቀን ደረሰ። መድረክ ላይ ተሰልፈን ስንዘምር ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ጠይም ሴት፣ በነጭ ሻሽ ተሸፋፍና፣ በሩን በቀስታ ከፍታ ገባች። መዝሙሩን ትቼ በሁለት እጄ አውለበለብኩላት። ሴትየዋም ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። መዝሙሩ አልቆ ወርጄ ስሮጥ ከኔ ጎን የነበረው የፓኪስታን ልጅ ቀድሞኝ ጉያዋ ገባ። እኔም በሩ ድረስ እንደሮጥኩ ወጣሁ፤ ውጭ ቆሜ ዝናቡ መታኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬን ቀየምኳት። እንዳትቀየሚኝ ብላኝ ነበር። ቀየምኳት። ካሴቱ ላይ የሳቀችው በኔ እየሳቀች እንደሆነ ሁሉ ታየኝ።

እሁድ ከምሳ በኋላ የትሬሲ እናት አባቴ ጋ ደወለችልኝ። ያነሱት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። እሳቸው በጠዋት እኛ ቤት ምን እንደሚሠሩ ገረመኝ። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ምንድነው ጋሽ ታፈሰ፣ ሰው አለ እንዴ?"

"ማኅበር ነው ልጄ፣ ማኅበር ነው" አሉ ተጣድፈው። "አባትሽ ይኸውልሽ።"

"አባዬ፣ እማዬ እኮ አልመጣችም" አልኩት።

ሳል ሳል አደረገው።

"ጠብቄ ጠብቄ ቀረችብኝ። ለምን ዋሸችኝ?"

"አልዋሸችሽም" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "እናትሽ ዋሽታ አታውቅም፣ የሺ።"

"ታዲያ የት ሄደች?"

ስልኩ ከእጁ ሲወጣ ሰማሁ። ጋሽ ታፈሰ መልሰው ያዙት። "ጉንፋን ይዞት ነው፣ ድምፁ አልወጣ ብሎት ነው። በደንብ ብዪ እሺ?" ብለው ዘጉት። እኔ ያናደደኝ ማኅበሩ ነው። እኛ ቤት ማኅበር ገብቶ አያውቅም፤ ደግሰው የሚበሉት እኔ ስሄድ ጠብቀው ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ።

አትላንታ ስመለስ የተቀበሉኝ ጋሽ ታፈሰ ብቻቸውን ናቸው። "አባትሽ ሥራ ገብቶ ነው፤ ዛሬ እኛ ጋ ታድሪያለሽ" ብለው ፓይን ሌክ ወሰዱኝ። እትዬ ወርቅነሽ ገላዬን አጠቡኝ፣ አበሉኝ፣ ያመጣሁላቸውን ሻርፕ ይዘው "እግዜር ይስጥሽ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። መርዶ አመሻሽ ላይ አይነገርም፤ ሰው ሌሊቱን ይዞት ያድራል ይባላል። እኔን ለጎህ አቆይተውኛል።

ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። ፊቴን በለብ ያለ ውኃ አጠቡኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ አለበሱኝ፤ ጸጉሬን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። በታክሲው ወደ ቤታችን ሄድን። ጋሽ ታፈሰ እኛ በር ላይ አላቆሙም፤ ከአፓርታማው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ፓርክ አደረጉ። እዚያ በጨለማው ውስጥ ሰዎች ቆመዋል። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። እትዬ ወርቅነሽ ሲያቅፉኝ ከካፖርታቸው ሥር ናፍታሊን ሸተተኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ። እማዬ መጥታለች! እንግሊዝ ሳትመጣ የቀረችው ለካ በቀጥታ አትላንታ መጥታ ነው። በጠዋት ያጠቡኝ ለዚህ ነው። ሰው የተሰበሰበው ለዚህ ነው። ማኅበር ያሉት ለዚህ ነው። አባዬ ስልክ ላይ መናገር ያቃተው እንዳያመልጠው ነው። ቅያሜዬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከእትዬ ወርቅነሽ እጅ ሾልኬ ሮጥኩ።

"የሺ! ቆይ ልጄ፣ ቀስ በይ!" ጋሽ ታፈሰ ከኋላዬ ተጣሩ። የት ሊደርሱብኝ። ደረጃውን ወጣሁ፣ በሩን በርግጄ ገባሁና "እማዬ! እማዬ!" አልኩ።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ፊቷን አላውቀውምና የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዲት ቀጭን ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷ ትሆን ብዬ ወደሷ አንድ እግር አነሳሁ። ሴትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቤቱ አንድ ላይ ጮኸ።

ጋሽ ታፈሰ ያዘጋጁት ንግግር ነበር፤ ሳይናገሩት ቀረ። አባቴ ፍራሹ ላይ ነበር፤ ጺሙ አድጎ አላወቅኩትም። በጉልበቱ መጥቶ ያዘኝ። "የለችም፣ የሺ። እናታችን የለችም" አለ። እናታችን ማለቱ ገረመኝ፤ የሱም እናት የሆነች ያህል።

አላለቀስኩም። "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" እያሉ ሴቶቹ ደረታቸውን ቢመቱም እንባ እምቢ አለኝ። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ በመስኮት ስጠብቃት፣ ዋሸችኝ ብዬ ስቀየማት፤ የማስበው ይኼንን ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው ጋሽ ታፈሰ አጠገቤ ሲቀመጡ ጠየቅኳቸው።

"ለምን አልነገሩኝም? ብትነግሩኝ አልጠብቃትም ነበር።"

"ጥቂት ቀን ሳቂ ብለን ነው፣ ልጄ።"

"አልሳቅኩም እኮ" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ያ ሰመር እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። ኮመዲኖው ላይ ጨርቅ ተጋረደ። ለትምህርት ቤቱ የነገረ ሰው የለም፤ የኛ ሰው ሐዘኑን ለቢሮ አያወራም። ስለዚህ ትሬሲ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አትላንታ ስትመጣ ምንም አታውቅም። "ብድር በምድር ነው፤ አስተናግደውሻል፣ እናስተናግዳለን" አለ አባቴ። እኛ ቤት ስለማይሆን እኔና እሷ ፓይን ሌክ እንድናድር ተወሰነ። ጋሽ ታፈሰ ከመምጣቷ በፊት አስጠነቀቁኝ። "የሰው ልጅ ናት፤ ባሕር አቋርጣ የመጣች እንግዳ ናት። ሞት አይነገራትም። አገሯ ትግባና ኋላ ትሰማዋለች።"

ትሬሲ ገብታ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ አንድ እሽግ አወጣች። እናቷ የሠራችው ሹራብ ነው፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ የጎሽ ቀንድ የመሰለ ቁልፍ ያለው። "ከኔ እናት ለአንቺ እናት" አለች። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽን አየቻቸው፣ ሄዳ አቀፈቻቸውና ሰጠቻቸው።

እትዬ ወርቅነሽ እንግሊዝኛቸው ብዙም አይደል። "ምን አለች?" አሉኝ።

"የሺ እናት እርስዎ ነዎት ወይ ትላለች።"

"አንቺ ምን አልሻት?"

ጋሽ ታፈሰን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። "ምንም" አልኩ።

እትዬ ወርቅነሽ እማዬን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ለሷ ብለው ግን ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ነበሩ። በዚያ ሙቀት ሹራቡን አንስተው ከጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ለበሱት። ልክ ሆነላቸው። ኒውካስል ሳለሁ የትሬሲ እናት "እናትሽ ምን ታህላለች?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። የማላውቃትን ሴት እንዴት ልለካ? እጄን ዘርግቼ የማውቀውን አንድ ገላ፣ የእትዬ ወርቅነሽን ወርድና ቁመት ነበር ያሳየኋት።

"በመጨረሻ መጣችልሽ!" አለች ትሬሲ እጄን ይዛ እየዘለለች።

"አዎ" አልኳት። "መጣች።"

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ፎጣውን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ እንግዳዋ እንዳትሰማ። እናቴ መሞቷን መርዶው አላሳመነኝም ነበር። ያመንኩት ሹራቧ ሌላ ሰው ላይ ልክ ሲሆን ነው።